የደጃዝማች ዘርአ ዳዊት ቁራኛ

ጎረቤላ፣ ከአንኮበር ግርጌ፤ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ሐረር ከጦሩ ጋር ላለው ለልጄ ለደምመላሽ ኃይለ ገብርኤል።

የማኅፀኔ ፍሬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ሰነበትህ? የሐረር ሙቀት እንዴት አደረገህ? ያ ሳልህ ተወህ ወይ? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደኅና ነኝ፣ ላኖረኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ስማኝ። የነጋዴ ምላስ ከግመሉ ይፈጥናልና ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ይሆናል። ደርሶህ በቅሎህን ጭነህ እንደሆነ አራግፍ። ጠመንጃህን ወልውለህ እንደሆነ መልሰህ ስቀል። ይህ ወረቀት ተነቦ እስኪያልቅ ቁጭ በል። የሚያነብልህም ሰው እየዘለለ ቢያነብ በጥፊ በለው።

የሚጽፉልኝ የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረ ጻድቅ ናቸው። እሳቸው "መጀመሪያ ሰላምታውን እናሳምረው፣ የቤቱን ደኅንነት እንንገረው፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ይመጣል" ይላሉ። እሺ፣ የቤቱን ልንገርህ። ላምህ ጊደር ወልዳለች፣ ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት፣ አባቷን ትመስላለች። የላይኛውን ማሳ ገብስ ውርጭ መታው፤ የታችኛው ተርፏል። የጎጆውን ክዳን አሳድሻለሁ። በቃ፣ ሰላምታው አምሯል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የክርስትና አባትህ ደጃዝማች ዘርአ ዳዊት ከሹመት ወርደው፣ እዚህ ጎረቤላ ቤታቸው ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ ትተሃቸው ነው የሄድከው። ንጉሥ በዘመተ ቁጥር ሸዋን የሚጠብቁ እሳቸው ነበሩ። ደሀ ከደጅ ሲጮህ ከማዕድ የሚነሡ፣ የቆላውን የጨው መንገድ ከፍተው ነጋዴውን ያለ ጋሻ ያስኬዱ እየተባለ ከይፋት እስከ መንዝ ይማልባቸዋል። እኔም ስምልባቸው ኖሬአለሁ። "ዘርአ ዳዊት ይሙት" ካልኩ አለቀ፣ የሚጠራጠረኝ የለም። ዘንድሮ ጃንሆይ "ይህ ሽማግሌ ሳናከብረው እንዳያመልጠን" ብለው ከእንጦጦ መልእክተኛ ላኩ። የአንበሳ ለምድ፣ በወርቅ የተለበጠ ጋሻ፣ እጀታው ወርቅ የሆነ ጎራዴ። ቀኑም ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ያለው እሑድ ሆነ።

አገሩ በሙሉ መጣ። ከመዘዞ ሙክት እየነዱ፣ ከእነዋሪ ስንዴ በአህያ እየጫኑ፣ ያልታዘዘው ሁሉ ሳይቀር መጣ። ጠጁን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አባትህ ከሞተ ወዲህ የዚያ ቤት ጠጅ በእጄ ነው፣ ታውቃለህ፣ ጠጄን የሚያማ አልተወለደም። ዳሱ ውስጥ መልእክተኛው ቆሞ የጃንሆይን ቃል አነበበ። "አርባ ዓመት ለአገሩ ጋሻ የሆነ፣ ቆላውን ያስገበረ፣ በዕድሜው ደክሞ በታማኝነቱ ያልደከመ" አለ። ለምዱን ሲያለብሷቸው እኔ ነኝ መጀመሪያ እልል ያልኩት። እልልታዬ ከእንቢልታው በላይ ተሰማ አሉ። እንኳን ተሰማ፣ ከልቤ ነበር።

ከዚያ ፉከራው ተጀመረ። ሥርዓቱን ታውቃለህ። ጌታ ሲከበር አብረውት የዘመቱት አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ጦራቸውን ከፊቱ ይተክላሉ፣ የጣሉትን ሰው በስሙ፣ የጣሉበትን ቦታ በስሙ እየጠሩ ይፎክራሉ። ጌታውም "እውነት ነው፣ አይቻለሁ" ሲል ጽዋ ይሰጣቸዋል። ያልገደለ አይፎክርም፣ ጌታውም ያላወቀውን አይመሰክርም። እንዲህ ባለ ቦታ የዋሸ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ከሴት ጋር ወጥ ቤት ይዋል ነው የሚባለው።

ወሰንየለህን ታስታውሰዋለህ፣ ያ አንድ ዓይናው፣ ልጅ ሳለህ ወንጭፍ ያስተማረህ የደጃዝማች ሎሌ። እሱ ከጓዳው አጠገብ ተቀምጦ ሲጠጣ ነበር የዋለው። የደጃዝማች የድሮ ዘማቾች ፎክረው ሲጨርሱ ከእናንተ ዘንድ ከሐረር ከተመለሱ ጎረምሶች አንደኛው ዞር ብሎ "አያ ወሰንየለህስ አይነሡም? ወይስ የጣሉት የጌታቸውን ሙክት ብቻ ነው?" አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ደጃዝማችም ፈገግ አሉ። ይህቺ ፈገግታ ናት ሰውዬውን ያሳበደችው ብዬ አምናለሁ። ተነሣ። ጦሩን ከፊታቸው ተክሎ በፈረስ ስማቸው እየጠራ ፎከረ።

"አካኪ ዘራፍ!
የአባ ፈንቅል ሎሌ፣ ነገር የማያድር፣
ጌታው ሲያዝዘው የማይጠረጥር፣
ኃይለ ገብርኤልን ወንዝ ዳር የጣለ፣
አዳል ነው አሰኝቶ ምስጢር የቻለ!"

አዎ፣ ልጄ፣ አባትህን ነው። መምሬ ይህችን ሲጽፉ ቀለም አንጠባጥበዋል፤ ጥቁሩ ነጥብ እሱ ነው።

እንቢልታው ቆመ። አንድ ሰው "ሰክሯል፣ አውጡት" አለ። ወሰንየለህ ግን ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። ወደ ጌታው ዞሮ "ይመስክሩልኝ እንጂ ጌታዬ! እርስዎ አይደሉም ያዘዙኝ? አዳል የገደለው እንዲመስል ስለበው አላሉኝም? ይህን ሁሉ ዘመን አፌን ይዤ የኖርኩት ለማን ብዬ ነው? ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው፣ ትንሽ ደግሞ የእኔ ይሁን!" አለ። ሞኝ ነበር። ታላቅ ሥራ የሠራ መስሎት፣ ታላቅ ሥራውን ሳይነግር ሊሞት መሆኑ ነበር የቆጨው።

ደጃዝማች ጽዋ አላነሡም። ዳሱ ሁሉ አፋቸውን ያያል። ያኔ ልጃቸው ባላምባራስ ገብረአብ ከአባቱ ቀኝ ተነሥቶ ጦር ወረወረ። ጦሩ በወሰንየለህ ጡት ሥር ገብቶ በጀርባው ወጣ። አልወደቀም። ዛቢያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል ዝቅ ብሎ ካየው በኋላ "ይመስክሩልኝ እንጂ ጌታዬ" አለ ደግሞ። ደም ከአፉ እየወጣ ነው ይህን የሚለው። ከዚያ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ጽዋው ላይ ደፋ አለ፣ ጠጄና ደሙ አንድ ላይ ፈሰሱ።

ደጃዝማች ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። የሚሞተውን ሰው እያዩ፣ ጮክ ብለው፣ "እውነት ነው። አይቻለሁ" አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግርህ አልችልም። የወሰንየለህ ወንድሞች ጎራዴ መዘዙ። አንዱ የገብረአብን ጋሻ ጃግሬ አንገቱን መታው፣ ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ሌላው እጁ ከክርኑ ተቆርጦ ማዕዱ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ጣቶቹ ቁርጥ ሥጋ እንደያዙ ነበሩ። የዳሱ ምሰሶ ተገነደሰ። ሰው በሰው ላይ ተረማመደ። እኔ የጠጅ ቀንድ ይዤ ቆሜአለሁ። ምን አሰብሽ ብትለኝ ምንም አላሰብኩም፤ አባትህን ነው ያየሁት።

አንተ አላየኸውም። በሆዴ ነበርክ። በቃሬዛ ሲያመጡት ፊቱን ብቻ ገልጠው "ከዚህ በታች አትዪ" አሉኝ፤ እኔ ግን ገለጥኩት፣ አየሁት። ሰልበውት ነበር። የቆላው አዳል ነው የሠራው ተባለ፣ አገር በቁጣ ተነሣ፣ ደጃዝማች ጦር ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። ከዚህ ከአንኮበር አፋፍ ሆነን የመንደሩን ጭስ ስናይ ሰነበትን። ወታደሩ ሰለባውን በጦሩ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ግመሉን እየነዳ፣ ሴቶቹን በገመድ አስሮ እየፎከረ ተመለሰ። ከታሰሩት አንዷ ሕፃኗ በጀርባዋ ላይ ሞቶባት "እኛ አልገደልነውም" እያለች በአስተርጓሚ ስትምል ነበር፤ ማንም አላመናትም። አንተ በተወለድክ ጊዜ ደጃዝማች ራሳቸው ክርስትና አነሡህና "ደምመላሽ ይባል" አሉ። "ቆላውን ያስገበረ" የተባለው ያ ዘመቻ ነው። ለምዱን ያስለበሳቸው እሱ ነው።

እናም ያን ቀን ቀንዱን ጣልኩና ጮህኩ። "በንጉሥ አምላክ!" አልኩ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ነው። ይህ ቃል ሲጠራ የሚራመድ እግር እንደሌለ ታውቃለህ፤ ጎራዴው ሁሉ ካለበት ቆመ። ደም እየረገጥኩ ሄድኩ፣ እግሬ እየተንሸራተተ። ከአንበሳው ለምድ ሥር የለበሱትን የኩታቸውን ጫፍ ያዝኩ። የነጠላዬን ጫፍ አወጣሁና ከኩታቸው ጋር ቋጠርኩት፣ ሁለት ጊዜ አጥብቄ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ልብስ ለልብስ ታስረው እስከ ችሎት ይሄዳሉ፣ ቁራኛ ይሆናሉ። ደሀ ጌታን እንዲህ ሲያስር ግን እዚያ ቤት አልታየም።

ገብረአብ ደም የጠገበ ጎራዴውን ከራሴ በላይ አነሣው። "እጅሽን አንሺ፣ አንቺ ጠጅ ጣይ! አባቴ ዋስ አያጣም፣ ዋሱ እኔ ነኝ" አለ።

"ተው" አሉት ደጃዝማች። "ስንቱን ደሀ በዚህ ቋጠሮ አስሬ ሰድጃለሁ። ዋስ አልፈልግም። አውርድ ጎራዴህን።"

ይህን ልነግርህ ባልፈልግም እነግርሃለሁ። እዚህ ላይ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱታቸውን ልተው ብዬ ሞክሬ ነበር፣ አፌ እንቢ አለኝ።

ፍርድ የሚሰጡት ወንበሮች ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ነበርና በማግሥቱ ጠዋት ወደዚያ ጉዞ ጀመርን። መልእክተኛው ለምዱን ሊያስወልቃቸው ፈልጎ ነበር። "ጃንሆይ አለበሱኝ፣ ጃንሆይ ያውልቁኝ" አሉት። እንዲህ ሆነን ወጣን፤ እሳቸው የአንበሳ ለምድ ለብሰው፣ እኔ ጠጅ የሸተተ ቀሚሴን ለብሼ፣ በአንድ ቋጠሮ ታስረን በእግራችን። ወታደሮች ከፊትና ከኋላ ነበሩ። ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ግማሹ ለእሳቸው እየሰገደ፣ ግማሹ እኔን እየረገመኝ። አንዲት ሴት "አባታችንን አሰረች፣ እጇ ይድረቅ!" ብላ ድንጋይ ወረወረችብኝ፣ ቅንድቤ ተሰነጠቀ። ጠባሳው አለ፣ ስትመጣ ታየዋለህ። አሁን ግን አትምጣ።

ቁንዲ ጋ ስንደርስ ጉም ወረደ። መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ላይ በጠበበበት ቦታ ከላይ ከድንጋዩ መሐል ጠመንጃ ጮኸ። ከአጠገቤ የሚሄደው ወታደር ግንባሩን ተመታ፣ ከአፉ ቃል ሳይወጣ በእኔ ላይ ወደቀ፣ አንጎሉ ነጠላዬ ላይ ተረጨ። የገብረአብ ሰዎች ነበሩ። እኔን ነበር የፈለጉት። ደጃዝማች ወደ እኔ ተጠግተው በደረታቸው ከለሉኝና "ተኩሱ! የምትመቱት እኔን ነው፣ ታስሬአለሁ አይታያችሁም!" ብለው ጮኹ። ተኩሱ ቆመ። ወታደሮቹ ጎራዴ መዘው እየተሳደቡ ወደ ላይ ወጡባቸው። ከላይ የብረት ድምፅ፣ የሰው ጩኸት፣ የሚንከባለል ድንጋይ ይሰማል። እኛ ሁለታችን ከሬሳውና ከወገቡ ጎራዴ ጋር በጉም ውስጥ ቀረን።

"ለምን?" አልኳቸው። ከቤታቸው ጀምሮ የያዝኳት ቃል ይህች ብቻ ነበረች።

"ያኔ የነገሠው የሚበቀል ደም ሳይኖር ዘመቻ አልፈቅድም አለ። መንገዱ ደግሞ ቆላው ሳይሰበር አይከፈትም ነበር፣ በየወሩ ነጋዴ ይታረዳል። ተራ ሰው ቢሞት ማን ይነሣል? አገር የሚነሣው የሚወደድ ሰው ሲሞት ነው። ከቤቴ ከኃይለ ገብርኤል የበለጠ የሚወደድ አልነበረም።" ዓይናቸውን ከሬሳው ሳያነሡ "እኔም እወደው ነበር" አሉ።

"መጣፍ እንዳነበበ ሰው ነው የሚነግሩኝ።"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ስንት ሰው በሰላም አለፈ፣ እስቲ ቁጠሪ።"

"የቆላውንስ ሬሳ ማን ይቁጠር?" አልኳቸው።

 ላባቸውን በለምዱ ጫፍ ጠረጉ፣ ያን የመሰለ ለምድ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ችሎት ላይ እንደሚያስረዱት ዓይነት፣ በቀስታ አስረዱኝ። "ወንበሮቹ ከሁለት አንዱን ነው የሚፈርዱት። ወይ አርባ ዓመት ያገለገለ ነው ብለው ይምሩኛል፣ አንቺም ከነቁስልሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ወይ በሕጉ መሠረት ለሟች ልጅ አሳልፈው ይሰጡኛል። ደምመላሽ ከሐረር ይጠራል፣ የክርስትና አባቱን በአደባባይ በጦር ይወጋል። ዓመቱ ሳይዞር ገብረአብ እሱን ይገድለዋል። ልጄን አውቀዋለሁ፣ አይምርም። ያንቺን ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ እሱም አይተውም። ያንቺ ልጅ ሲሞት የወንድምሽ ልጆች ይነሣሉ። እንዲህ ነው።"

ልጄ፣ እውነታቸውን ነበር። አየሁህ። ጦሩን ይዘህ፣ የሽማግሌውን ደረት ስትፈልግ። ከዚያ ደግሞ አንተን በቃሬዛ ሲያመጡህ፣ ፊትህን ብቻ ገልጠው "ከዚህ በታች አትዪ" ሲሉኝ።

ከላይ ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። ወታደሮቹ ሊመለሱ ነው። ደጃዝማች ወደ ገደሉ አፋፍ አለፍ አሉና "አንቺ ወደ ግድግዳው በኩል ሁኚ፣ መንገዱ ያንሸራትታል" አሉኝ። ለእኔ አዝነው ይሁን፣ ለአንተ አዝነው ይሁን፣ ለገዛ ስማቸው ብለው ይሁን አላውቅም። ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዙረው ዳዊት መድገም ጀመሩ።

ከዚያ ጨርቁ ተቀደደ። ወደቁ። ድንጋዩ ላይ ሲያርፉ ከታች ድምፁ ተሰማኝ፣ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም ሌላ።

መምሬ እዚህ ላይ ብዕራቸውን አንሥተዋል። "እናናየሁ፣ ያ ኩታ ለበዓሉ የተሸመነ አዲስ አልነበረም?" ይሉኛል። "ተቀደደ ብለው ይጻፉ፣ መምሬ" አልኳቸው። ጽፈውታል።

ገብረአብ ከላይ ከተኩሱ ቦታ ከሁሉ ቀድሞ በጉሙ ውስጥ ሮጦ ደረሰ። ክንዱ ቆስሎ ደም ያዘራል። አባቱን ሲያጣ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ቋጠሮውን ተመለከተ፣ ከቋጠሮው የተረፈውን የአባቱን ኩታ ቁራጭም፣ ክር ያላወጣ ጠርዙን፣ በጣቱ ዳሰሰው። ብዙ ጊዜ ዳሰሰው። ከዚያ ፀጉሬን ጨምድዶ አንገቴን ወደ ኋላ መለሰና ጎራዴውን ጉሮሮዬ ላይ አደረገ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። "ቁረጥ" አልኩት። "ቁረጥና ወንበሮቹ ለምን ቆረጥካት ብለው ይጠይቁህ። አባትህ ያሉትን ሁሉ በዙፋን ፊት እንደገና ያንብቡት። ለምዱንም ከሬሳው ላይ ያውልቁት።" ጥርሱ ሲፋጭ ይሰማኛል። ወታደሮቹ ደረሱ። መልእክተኛው "ምን ሆኑ?" ብሎ ጮኸ። ገብረአብ ፀጉሬን ለቀቀና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "ጨርቁ ተቀደደ" አለ።

እንዲህ ነው። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ሁለታችንም ያየነው አንድ ነው፤ ጨርቁ ተቀደደ።

ከሟች ጋር ሙግት የለምና ክሱ ተዘጋ። ከገደሉ ሥር አውጥተው፣ የተሰባበረውን ገላቸውን በለምዱ ጠቅልለው በታላቅ ክብር ቀበሯቸው። እንቢልታ፣ ነጋሪት፣ ካህን ከየደብሩ። መልእክተኛው ያንኑ የጃንሆይን ቃል በሬሳው ፊት ደግሞ አነበበው፣ "አርባ ዓመት ለአገሩ ጋሻ የሆነ"። ሕዝቡ ደረቱን መታ። ያቺ ድንጋይ የወረወረችብኝ ሴት ፊቷን ነጭታ ደም በደም ሆና ነበር። ያላግባብ አከበሯቸው አልልም፤ መንገዱን ከፍተዋል፣ ደሀ ሲጮህም ተነሥተዋል። አባትህንም ገድለዋል። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ ብትጠይቀኝ አልመልስልህም፣ ግን ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች በመሐል ገቡ። ገብረአብ ወንጌል መትቶ ማለ፣ በአንተም በእኔም ላይ እጁን ላያነሣ። እኔም ስላንተ ማልኩ። አዎ፣ ሳልጠይቅህ በስምህ ማልኩ፣ ተቆጣ ብትፈልግ። የአባትህ ደም ተዘግቷል። ያዘዘው ሞቷል፣ የታዘዘው ሞቷል። የምትወጋው ሰው አልተረፈልህም። መሐላዬን ሰብረህ ጠመንጃ ይዘህ ብትመጣ ከጡቴ የጠባኸው ደም ይሁንብህ። መምሬም በዚህ ወረቀት ገዝተውሃል፤ ግዝቱ ከወረቀቱ ጀርባ በግዕዝ ተጽፏል፣ የሚያነብልህ ሰው ይተርጉምልህ።

እዚያው ሐረር ቆይ። መሬት ቢሰጡህ ተቀበል፣ ሚስት አግባ፣ ቆንጆ ባትሆንም ልበ ሰፊ ትሁን። ልጅ ስትወልድ ስሙን ሰላም ያለው ነገር በለው፣ ደም የሚባል ነገር ከቤታችን ስም ይውጣ። ሾተል ቢቀርብህ የሚያዶለዱምልህ፣ ክፉ ቢያይህ ዓይኑን የሚያፈዝልህ አምላክ ይጠብቅህ። ሽበት እስኪወርስህ ያኑርህ። የአባትህ ዕድሜ ያነሰው ለአንተ ይጨመርልህ። ለእኔ የተረፈውን ዕድሜም ይጨምርልህ፣ እኔስ በቃኝ።

እናትህ እናናየሁ

ይህችን ታች ያለችውን እኔ ጸሐፊው ጨመርኩ፣ እናትህ አላዘዘችኝም። ማንበብ ስለማትችል አታውቃትም። ልጄ ደምመላሽ፣ የነፍስ አባት የሰማውን አይናገርም፣ እኔም አልናገርም። አገር ሁሉ የሚያየውን ብቻ እነግርሃለሁ። እናትህ ከቀብሩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ዝናብም ቢሆን፣ ውርጭም ቢሆን፣ ከቅጥሩ ውጭ ከድንጋዩ ላይ ቆማ ታስቀድሳለች። ግቢ ስላት "ለልጄ ብዬ የቆምኩበት ነው፣ አይቀዘቅዘኝም" ትለኛለች። አትምጣ።

መምሬ ገብረ ጻድቅ